እንጥል፣ ጸበልና መርፌ፦ የልጆች የጉሮሮ ሕመም ታሪክ በደባርቅና በዳባት

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው እንጥል ነው። ሕፃኑ ጡት እምቢ ሲል፣ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ወይም የበላው ሲወጣበት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። ያበጠ እንጥል ፈንድቶ ወይም መተንፈሻውን ዘግቶ ልጁን ይገድለዋል የሚለው ስጋት ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ከዚህ ስጋት የተነሣ እንጥል ማስቆረጥ ግግ ከማስወጣትና ቅንድብ ከመብጣት ጋር በሰሜኑ የአገሪቱ ደጋ እጅግ ከተስፋፉት የሕፃናት ልማዶች አንዱ ሆነ።

ስጋቱ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ዳባት 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ የደጋ ከተሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በላይ ያለው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በዚህ ብርድ የገጠሩ ቤተሰብ ሌሊቱን በአንድ ጎጆ፣ ብዙ ጊዜም ከከብቱ ጋር፣ በምድጃው ዙሪያ ተጠጋግቶ ያድራል። ሦስትና አራት ልጆች በአንድ መደብ ላይ አንድ ጋቢ ለብሰው ይተኛሉ። በሳልና በምራቅ ፍንጣቂ ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ ለሚሻገር ተሕዋስ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ከእነዚህ ተሕዋስያን መካከል ከከፉት አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሐኪሞች ምድብ ኤ ብለው የለዩት ዓይነት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች አብልጦ ያጠቃል። ቶንሲልን ያሳብጣል፣ በላዩ ነጭ መግል ያወጣበታል፣ የአንገት ንፍፊት ያስነሣል፣ ድንገተኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ያመጣል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን እምብዛም አይታዩበትም፤ እነርሱ ይልቁን ወደ ጉንፋን ያመለክታሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እንጥል ጥፋት የለበትም። ከቶንሲሉ ጋር አብሮ ይቀላል፣ አብሮ ያብጣል፤ ልጁ አፉን ሲከፍት ፊት ለፊት የሚታየው እርሱ ስለሆነ ግን ክሱ በእርሱ ላይ ወደቀ።

ሥራው የወጌሻ ነበር። ወጌሻ ስብራት ይጠግናል፣ ውልቃት ይመልሳል፣ ዋግምት ያደርጋል፣ ግግ ያወጣል፣ እንጥልም ይቆርጣል። ሙያው ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይወረሳል፤ ወንዶችም ሴቶችም ይሠሩታል። መሣሪያው ምላጭ፣ ትንሽ ቢላዋ ወይም እንደ ሸምቀቆ የተቋጠረ የፈረስ ጭራ ነው። እናት ልጁን ታቅፋ ራሱን ታጸናለች፣ ቆራጩ ምላሱን ወደ ታች ይዞ ሥራውን በቅጽበት ይጨርሳል። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁ እስኪታመም አይጠብቅም፤ በጨቅላነቱ ያስቆርጠውና «ከእንግዲህ ተገላገለ» ብሎ ያርፋል። ልጁ ከዚያ በኋላ ጉሮሮውን ሲታመም ሕመሙ የእንጥል መሆኑ ስለሚቀር ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ቆራጩም ስሙ ሳይነካ ይኖራል። ልማዱ ትውልድ ከተሻገረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አብዛኛው የልጆች ጉሮሮ ሕመም ደግሞ በሳምንት ውስጥ በራሱ የሚሽር ነው፤ ምስጋናው ግን ለምላጩ ሆነ።

ደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ የዚህ ሥራ የታወቁ ጠንቆች ናቸው። ልማዱ የዚህ አገር ብቻም አይደለም። በናይጄሪያ፣ በኒጀር፣ በታንዛኒያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይታወቃል፤ የጥንት ግሪኮች የሕክምና ጽሑፎች ሳይቀሩ እንጥል ስለ መቁረጥና ስለ አደጋው ይናገራሉ። ስለዚህ የስሜንን እናት ብቻ ነጥሎ በአላዋቂነት መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አደጋውን በትክክል አይታለች፤ የሳተችው አደጋው ያለበትን ቦታ ነው።

በጽሑፍ የቀረው የአካባቢው ታሪክ ስለ ጉሮሮ ብዙ አይናገርም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በወገራ በኩል ጎንደር ሲገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በሐኪምነት የተፈለገው ፈንጣጣ በቤተ መንግሥቱ ልጆች ላይ ስለ ወረደ ነበር። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር ዕድሜ ልኩን ከስሜንና ከትግራይ ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ላከ። የ1855ቱ የደረስጌ ጦርነትና የዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። የሕፃን ጉሮሮ ግን የሴቶችና የወጌሻ ጉዳይ ሆኖ ከታሪክ ጸሐፊ ብዕር ውጭ ቀረ። በየቤቱ የሚሰጠው ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር የሚታወቀው በአፍ በተላለፈው ልማድ ነው።

የልጅ ጠባይ ሲለወጥ መንገዱ ሌላ ነበር። ትናንት ሲጫወት የዋለ ልጅ ዛሬ እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ፣ «ረከስሁ» እያለ የሚያለቅስ፣ በር መዘጋቱን አሥር ጊዜ የሚያይ፣ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ የሚል፣ ፊቱንና ትከሻውን ያለ ፈቃዱ የሚነቀንቅ ቢሆን ይህን ከጉሮሮ ጋር የሚያያይዘው አልነበረም። ቡዳ በልቶት፣ ለክፎት፣ ዛር ሰፍሮበት ወይም ባርያ ጥሎት ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ደብተራው ክታብ ይጽፍለታል፤ ቤተሰቡ ለሰባት ወይም ለዐሥራ አራት ቀን ሱባኤ ይዞ ጸበል ያስጠምቀዋል። በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ እጅን ደጋግሞ መታጠብና በውዱእ መጠራጠር ውስዋስ ይባላል፤ ቁርኣን ይቀራበታል። ጸሎትን የሚደጋግም፣ ስግደቱን ተሳሳትሁ እያለ እንደ ገና የሚጀምር ልጅ እንዲያውም ለጊዜው የተባረከ መስሎ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ጉሮሮው ወደ ወጌሻ፣ ጠባዩ ወደ ጸበል ይሄዳል፤ ወጌሻውና አጥማቂው ስለ አንድ ልጅ ተገናኝተው የሚነጋገሩበት ምክንያት አልነበረም። ሁለቱን ሕመሞች አብራ የምታስታውሰው እናት ብቻ ነበረች።

በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን ሁለቱን ለማገናኘት ሦስት መቶ ዓመት ፈጅቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደናም በ1686 በልጆች ላይ የሚታይ አንድ ሕመም ጻፈ፦ እጅና እግር ያለ ፈቃድ ይወራጫሉ፣ ልጁ ዕቃ ይጥላል፣ ንግግሩ ይንተባተባል። ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1850 ፈረንሳዊው ዠርማን ሴ ይህ ሕመም ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር እንደሚመላለስ አስተዋለ። ዊልያም ኦስለር በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ በእነዚህ ልጆች ላይ የሚደጋገም ግትር ጠባይ እንደሚታይ መዘገበ። በ1933 ሬቤካ ላንስፊልድ ስትሬፕቶኮከስን በምድብ ከፋፍላ ሰውን የሚያጠቃውን ዋናውን ምድብ ለየች። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየጠራ መጣ፦ ባክቴሪያው ጉሮሮን ከያዘ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሩማቲክ ትኩሳት ይነሣል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ የልጁን የራሱን ሥጋ ከጠላት ጋር ያምታታል። በመገጣጠሚያ ላይ ቁርጥማት፣ በልብ ላይ የቫልቭ ጉዳት፣ በአንጎል ላይ የሲደናም ሕመም የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ዳኬት ጆንስ በ1944 የሩማቲክ ትኩሳት መለያ ምልክቶችን ሲደነግግ የሲደናምን ሕመም ከዐበይቶቹ አንዱ አደረገው።

በሲደናም ሕመም ላይ አንድ ነገር ለወላጆች በተለይ ከባድ ነው። ቁርጥማቱ ጉሮሮው ከዳነ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል፤ የአንጎሉ ምልክት ግን ከአንድ እስከ ስድስት ወር ሊዘገይ ይችላል። በመስከረም ጉሮሮውን የታመመ ልጅ በጥር እጁ መወራጨት ቢጀምር የትኛው እናት፣ የትኛውስ ሐኪም መስከረምን ያስታውሳል? በክረምት በጎረቤት ልጆች ላይ ሁሉ የጉሮሮ ሕመም በሚዞርበት ደጋ ነገሩን ማያያዝ ይበልጥ ይቸግራል።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ስሜን ግርጌ የመጣው በመንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት፣ የሊማሊሞን ገደል ጠርበው ከጎንደር ወደ አክሱም የሚያደርሰውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ ዳባትና ደባርቅ የመንገድ ዳር ከተሞች ሆኑ። ቀድሞ በበቅሎ ቀናት የሚፈጀው የጎንደር ጉዞ በመኪና የአንድ ቀን ሆነ። ከዚያ በላይ የለወጠው ግን በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወረደው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር፤ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ ኮሌጁን ያቋቋመው ለገጠር የሚሄድ ባለሙያ ለማፍራት ነው። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ይህ ሥርዓት ጎንደርንና በዙሪያዋ ያሉትን ወረዳዎች በመላው አገሪቱ የሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ዛሬም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አስተሳሰብ ማግኘት ይቸግራል።

ከባለሙያዎቹ ጋር መርፌ መጣ። ፔኒሲሊን የገጠሩን ሰው ልብ ለመያዝ ብዙ አልፈጀበትም፤ ያበጠና የመገለ ነገር በሁለትና በሦስት ቀን ሲጎድል ሕዝቡ በዓይኑ አየ። ጤና ጣቢያ የራቀው ሰው ድሬሰር ሆኖ ያገለገለ ጡረተኛ ወታደር ወይም ከገበያ ገበያ የሚዞር መርፌ ወጊ ይፈልግ ጀመር። የቴትራሳይክሊን እንክብል በቅዳሜ ገበያ ከጨውና ከበርበሬ ጎን ይሸጥ ነበር። ቴትራሳይክሊን ስትሬፕቶኮከስን ከጉሮሮ ለማጥፋት የሚታመንበት መድኃኒት አይደለም፤ የልጆችን ጥርስም ያበላሻል። ያም ሆኖ መርፌውና የገበያው ክኒን ከምላጩ ጎን ቆሙ እንጂ ምላጩን አልተኩትም። አንድ ልጅ በአንድ ሕመም ሦስቱንም ሊያገኝ ይችል ነበር።

ፔኒሲሊን ከጉሮሮ አልፎ ልብን እንደሚያድን የተረጋገጠው ከዚህ ሁሉ ርቆ ነው። በ1950 በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የጦር ሰፈር ጉሮሯቸውን የታመሙ ወታደሮች በፔኒሲሊን ሲታከሙ ሩማቲክ ትኩሳት እጅግ እንደሚቀንስ ታየ። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ መድኃኒት ከተሰጠ ጥቃቱን መከላከል እንደሚቻል ከዚያ በኋላ የተከተሉት ሥራዎች አጸኑት። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ በአንድ መርፌ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ የሚቆይ ሆኖ ተሠራ። ክብደቱ ከ27 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ 600,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ የሆነው 1.2 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ ይወጋል፤ ክኒን ከሆነ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ለአሥር ቀን ነው። አሥሩ ቀን ትልቅ ፈተና ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ክኒን ለሚቀጥለው ሕመም ማስቀመጥ ወይም ለታናሽ ወንድሙ መስጠት በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው።

በምላጩ ላይ የመንግሥት ዘመቻ የተጀመረው በደርግ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1987 የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የሴት ልጅ ግርዛትን፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ እንጥል ማስቆረጥንና ግግ ማስወጣትን በአንድነት መታገል ጀመረ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል በመቁረጥ ወይም ግግ በማውጣት የሕፃን ሕይወት እንዲጠፋ ያደረገ ሰው እንደሚቀጣ በግልጽ ጻፈ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን አሰማራ፤ ከእነርሱ ትምህርቶች አንዱ ይኸው ነበር። በከተሞቹ ልማዱ እየደከመ ሄደ፤ ርቀው ባሉት ቀበሌዎች ግን የተደበቀ ሥራ ሆነ። ሕጉ ሊያስፈራ ይችላል፤ የልጇ ትንፋሽ ሲያጥር የምታይ እናት ግን በሕግ ፍርሃት ብቻ አትመለስም። የምትመለሰው ከምላጩ የሚቀርብ ጤና ጣቢያና መድኃኒት ስታገኝ ነው።

ዳባት በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ ያገኘችው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት የጎንደር ኮሌጅ በዳባት ወረዳ በተመረጡ የገጠርና የከተማ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ቆጠራ አድርጎ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በተከታታይ የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ ጀመረ። ከጊዜ በኋላ ጣቢያው ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩ የአፍሪካና የእስያ ጣቢያዎች መረብ ጋር ተገናኘ። እዚህ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ሟቹ ሐኪም ሳያየው በቤቱ ሲሞት የቤተሰቡን ሰው ጠይቆ የሞቱን ምክንያት መገመት ነው። መዝጋቢው ወደ ሐዘንተኛዋ እናት ሄዶ ልጁ መቼ ታመመ፣ በመጀመሪያ ምን አመመው፣ ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ ብሎ በቅደም ተከተል ይጠይቃል። ለዘመናት የትም ያልተጻፈው የእናት ትዝታ በዳባት ለሳይንስ ማስረጃ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ዘዴ ለሞቱት ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል፤ በሕይወት ስላለ ልጅም ተመሳሳይ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላልና።

የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው ጉዳት ጎልቶ የወጣው በልብ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የሚጥል በሽታ፣ የስኳርና የልብ ሕሙማን ሆስፒታል ድረስ ሳይጓዙ በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶች የሚታዩበትን አሠራር ዘረጉ። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ወጣት በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን መወጋት አለበት፤ ይህም ለዓመታት ይቀጥላል። ከስሜን ቆላ ወይም ከጃናሞራ ለአንዲት መርፌ ወደ ጎንደር በየወሩ መመላለስ ለድሃ ገበሬ የማይቻል ስለ ነበር አሠራሩ የብዙዎችን ዕድሜ አርዝሟል። ይሁን እንጂ መርፌውን ተወግተው ድንገት የወደቁ ሕሙማን ወሬ ባለሙያዎችን ሳይቀር ያስፈራል፤ አንዳንዱ ጤና ተቋም ከመውጋት ይቆጠባል። በአዲስ አበባ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። በ2015 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሩ ለማጥፋት ያወጡት መግለጫ በአዲስ አበባ ስም ይጠራል።

ልብን የሚያዳምጥ ማዳመጫ በየጤና ጣቢያው አለ፤ የልጅን ሐሳብ የሚያዳምጥ ግን ዘግይቶ መጣ። በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። በ1987 በዚያ የአእምሮ ጤና ነርሶች መሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ ነው አገልግሎቱ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች መድረስ የጀመረው። እነዚህ ነርሶች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለከባድ የአእምሮ ሕመምና ለሚጥል በሽታ ነው። ኦሲዲ የሚባለው፣ ልጁ የማይፈልገው ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቀውና ጭንቀቱን ለማብረድ አንድን ድርጊት እንዲደጋግም የሚያስገድደው ሕመም፣ ልጁ ካልጮኸና ካልወደቀ በቀር ወደ እነርሱ አይደርስም።

የጉሮሮውና የሐሳቡ ነገር በግልጽ የተገናኘው በአሜሪካ ነው። በ1976 ሐኪሞች የሲደናም ሕመም ባለባቸው ልጆች ደም ውስጥ የአንጎልን ሕዋስ የሚነካ መከላከያ አገኙ። በ1989 ዶክተር ሱዛን ስዊዶና ባልደረቦቿ የሲደናም ሕመምተኛ ልጆች ከሌሎች የሩማቲክ ትኩሳት ሕሙማን ይልቅ የኦሲዲ ምልክት እንደሚበዛባቸው አሳዩ። ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ፦ የእጅ መወራጨት ሳይኖር፣ ልብ ሳይነካ፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ድንገት ኦሲዲ ብቻ የሚጀምራቸው ልጆች አሉን? በ1998 ስዊዶ የ50 ልጆችን ታሪክ አሳትማ ሕመሙን ፓንዳስ አለችው። ልጁ ከሦስት ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ ይሆናል፤ ሕመሙ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ይነሣል፤ ይበርዳል፣ ከሌላ የጉሮሮ ሕመም ጋር ይመለሳል። እጅ መታጠብ፣ ምግብ መፍራት፣ ከወላጅ መለየትን መፍራት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ የእጅ ጽሑፍ መበላሸት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ነገሩን ገፍተው ያመጡት ብዙ ጊዜ ወላጆች ነበሩ፤ በ2009 ቤት አሊሰን ማሎኒ የተባለች እናት የልጇን ታሪክ በመጽሐፍ ካወጣች በኋላ የሰሙት በዙ።

ሐኪሞች ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውም በቂ ምክንያት አለው። ባክቴሪያው በጤነኛ ልጅ ጉሮሮም ይገኛል። በ2006 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ ጤነኛ የትምህርት ቤት ልጆችን መርምሮ ከአሥር አንዱ ያህል ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስን በጉሮሮው ይዞ እንደሚኖር፣ ዝርያዎቹም ከ40 እንደሚበልጡ አሳየ። እንግዲህ ኦሲዲ ያለበት የጎንደር ልጅ ጉሮሮው ተመርምሮ ባክቴሪያው ቢገኝበት ሕመሙን ያመጣው እርሱ ነው ለማለት አይበቃም። በሌላ በኩል በ2017 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ልጆችን መዝገብ ተከትሎ የስትሬፕቶኮከስ ምርመራቸው በሽታ ያሳየ ልጆች በኋላ ኦሲዲ የመያዝ ዕድላቸው በ51 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ፤ በሌላ ተሕዋስ ጉሮሯቸውን የታመሙትም በጥቂቱ ከፍ ያለ ዕድል ነበራቸው። ሕክምናው ላይም ውጤቱ የተደባለቀ ነው፦ በ1999 ደምን የማጣራትና የመከላከያ ፕሮቲን የመስጠት ሙከራ ጥሩ ውጤት ሲያሳይ፣ በ2016 የወጣው የመከላከያ ፕሮቲን ሙከራ ከማስመሰያው መድኃኒት በግልጽ ሳይለይ ቀረ። በሲደናም ሕመም ላይ ግን ክርክር የለም። ለኢትዮጵያ ደጋ ከፓንዳስ ክርክር ይልቅ ክብደት ያለውም እርሱ ነው፤ ሩማቲክ ትኩሳት በአውሮፓና በአሜሪካ ብርቅ ሲሆን እዚህ ልጆችን መጉዳቱን አላቆመምና።

የቅርቡ ዘመን ነገሩን አክብዶታል። የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ደባርቅ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2016 ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተነሡት የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ወደ እርሷ መጥተዋል። በ2021 የትግራይ ጦርነት ወደ አዲ አርቃይና ወደ ዳባት ዙሪያ ሲደርስ ቤታቸውን የለቀቁ ቤተሰቦች በሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶችና መጠለያዎች ተጨናነቁ፤ በዚያው ዓመት ለኤርትራውያን ስደተኞች የተከፈተው የአለምዋጭ ጣቢያም በዳባት አጠገብ ነው። ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ሲያድሩ የጉሮሮ ሕመም ይዛመታል፤ ጦርነት ያየ ልጅ ደግሞ በፍርሃት ብቻም ጠባዩ ይለወጣል። ስለዚህ ባለሙያው ከሁለቱም አቅጣጫ መጠየቅ ይኖርበታል።

እንጥልን ማስቆረጥ የጉሮሮ ሕመምን አያድንም፤ ልብንም አንጎልንም አይጠብቅም። ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ ያቃተው፣ አንገቱ ያበጠ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ አሥረኛው ቀን ይጨርስ። እጁ መወራጨት የጀመረ ወይም ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ልጅ ጸበል ቢወሰድም ጤና ጣቢያውም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ወላጅ ለባለሙያው የልጁ ጠባይ የተለወጠበትን ሳምንት፣ ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ጉሮሮውን ታሞ እንደ ነበርና ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ ሳይጠየቅም ይንገር፤ ባለሙያውም ይህን በካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ልቡንም ያዳምጥ።